ፎቶ እያዩ እንስሳ ለሚስሉ፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

እንስሳ መሳል የሚወዱ ልጆች ሥራቸውን ሲያሳዩኝ ደስ ይለኛል። የእርሳስ አያያዛቸው ከዓመት ዓመት እየተሻሻለ ነው። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ብዙዎቹ የሚስሉትን እንስሳ አንድ ቀን እንኳን ቆመው አላዩትም። የሚያውቁት ፎቶውን ብቻ ነው።

ፎቶ አትጠቀሙ አልልም፤ እኔም እጠቀማለሁ። ዋልያ ገደል ጫፍ ላይ ሆኖ ሥዕላችን እስኪያልቅ አይጠብቀንም። የእኔ ክርክር በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። እንስሳውን በዓይኑ ያየ፣ በተጣመመ መስመርም ቢሆን ለመሳል የሞከረ ሰው፣ በኋላ ፎቶ ሲያይ ምን እንደጎደለው ይገባዋል። ያላየው ሰው ግን ፎቶው የሰጠውን ሁሉ እንዳለ ይቀበላል። ከታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ምንጫቸው ይሄ ነው።

ጥርሱን ያገጠጠው ጭላዳ

ከሁሉም በላይ ትዕግሥቴን የሚፈታተነው ይሄኛው ነው። ሥዕሉን ታውቁታላችሁ። የላይኛው ከንፈር ተገልብጧል፣ ሮዝ ድድ ይታያል፣ ረጃጅም ክራንቻዎች ወጥተዋል። ፀጉሩ አንድ በአንድ ተሠርቷል። ብዙ ሰዓት እንደፈጀ ያስታውቃል። ችግሩ ሁሉም ሰው የሚስለው ያንኑ ጭላዳ መሆኑ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፎቶ አንሺው ቀኑን ሙሉ ውሎ ካነሳቸው ምስሎች ሁሉ ያንን አንዱን መረጠ። መጽሔቱም እሱኑ አተመ፣ ድረ ገጹም እሱኑ ለጠፈ። እናንተ ስልካችሁን ከፍታችሁ ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ እሱ ነው። ስለዚህ ምን እንደሚሳል የወሰነላችሁ ሌላ ሰው ነው። የሠዓሊ የመጀመሪያ ሥራ ደግሞ መምረጥ ነው። ያንን ለሌላ ሰው አሳልፋችሁ ከሰጣችሁ የቀራችሁ የእጅ ሥራው ብቻ ነው።

ጭላዳ ከንፈሩን የሚገለብጠው ለቅጽበት ነው፤ ለሌላው መልእክት ሊያስተላልፍ። የቀረውን ቀን ተቀምጦ ሣር ሲነቅል ይውላል። ከዝንጀሮ ዘመዶቹ መካከል ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ እሱ ነው። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ለቀም ለቀም ያደርጋል፣ መዳፉ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል። እዚያ ቦታ ያለው ሣር ሲያልቅ ተነሥቶ አይሄድም። በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ይጠጋል። ደረቱ ላይ ያለችው ፀጉር የሌላት ቀይ ቆዳ በደንብ የምትታየው እንዲህ ቀና ብሎ ሲቀመጥ ነው። የሴቷን በቅርብ ያየ ሰው ደግሞ ዙሪያዋን የዶቃ ጉንጉን የሚመስሉ ጥቃቅን እብጠቶች እንዳሉ ያስተውላል።

አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። የጭላዳን ፊት ያለ ምንም ፎቶ፣ ከጭንቅላቷ ትስል ነበር። ደብረ ሊባኖስ ወሰድኳት፤ የፖርቱጋል ድልድይ ወደሚባለው አካባቢ። ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ጭላዳ ማየት ብዙ አያስቸግርም። ተቀምጦ የሚበላውን ስትጀምር የኋላ እግሮቹ የት እንደሚታጠፉ አላወቀችም። ጀርባው እንዴት እንደሚጎብጥም እንዲሁ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ጭረት ብቻ ነበሩ፤ አለቀሰች ማለት ይቻላል። ከሰዓት በኋላ ግን ጀርባውን በአንድ መስመር መያዝ ጀመረች። ዛሬም ፎቶ ትጠቀማለች። የምትመርጠው ፎቶ ግን ተቀይሯል። ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠ፣ ፊቱ እንኳን የማይታይ ጭላዳ ስላ አሳይታኛለች፤ ከሩቅ ያየው ሁሉ ጭላዳ መሆኑን ያውቃል።

ዙሪያውን መቅዳት

ወረቀት ስክሪን ላይ ወይም የመስኮት መስታወት ላይ አድርጎ ዙሪያውን መከተል ቀላል ነው። ካሬ እያሰመሩ ማሳደግም ለግድግዳ ሥዕል ይጠቅማል። እንስሳውን ለመማር ግን ሁለቱም አይረዱም። ዙሪያ መስመር የሚነግራችሁ እንስሳው የት ላይ እንደሚያልቅ ነው። ክብደቱን በየትኛው እግር እንደተሸከመ አይነግራችሁም።

ከጀርባ አጥንት ጀምሩ። ከራስ ቅሉ ሥር እስከ ጅራቱ አንድ መስመር። ከዚያ የጎድኑን ክብ፣ ከዚያ ዳሌውን። ጅብ ላይ ይህ መስመር ከትከሻው ወደ ኋላ ቁልቁል ይወርዳል፤ የፊት እግሮቹ ረዘም ስለሚሉ። ቀይ ቀበሮ ላይ ቀጥ ይላል፣ እግሮቹም ቀጫጭንና ረጃጅም ናቸው። ጀማሪዎች የሚስሉት ቀይ ቀበሮ እግሩ አጥሮ ተራ ቀበሮ የሚመስለው፣ ብዙ ጊዜ ፎቶው ላይ ግማሽ እግሩን ሣርና ቁጥቋጦ ስለሸፈነው ነው። በፎቶው ላይ ያልታየ እግር በሥዕሉ ላይ አጭር እግር ሆኖ ይወጣል።

ሌንሱን ማመን

ለማረጋገጥ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሰፈር ውስጥ አህያ ፈልጉ። ስልኩን ፊቷ ድረስ አስጠግታችሁ አንሷት። አፍንጫዋ ገዝፎ፣ ጆሮዋ ርቆ፣ የኋላ እግሯ የውርንጭላ እግር አክሎ ታዩታላችሁ። ከዚያ ራቅ ብላችሁ በዙም አንሷት። አሁን ደግሞ ርዝመቷ ተጨፍልቋል። ያው አህያ ናት። የተቀየረው የእናንተ ርቀት ነው።

የዱር እንስሳ ፎቶዎች አብዛኞቹ በትልቅ ዙም ከሩቅ የተነሱ ናቸው። ስለዚህ ዋልያው ከኋላው ካለው ገደል ጋር የተጣበቀ ይመስላል፤ በመካከላቸው ያለው ባዶ አየር ይጠፋል። ወደ ካሜራው ፊት ለፊት ሲያይ ደግሞ ወደ ኋላ የቀለሰው ቀንዱ አጥሮ ይታያል፤ የጎልማሳው ወንድ ቀንድ ግን ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ከዚህ የባሰው፣ ጭንቅላቱን ከአንድ ፎቶ፣ ሰውነቱን ከሌላ ፎቶ ወስዶ መገጣጠም ነው። ርቀቱ ይለያያል፣ ብርሃኑ የሚመጣበት አቅጣጫ ይለያያል። ተመልካቹ ምክንያቱን ባይናገረውም የሆነ ነገር ይጎረብጠዋል።

ጥቁሩን ሁሉ በጥቁር መሙላት

ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ለካሜራ ከባድ እንስሳ ነው። ፎቶው ላይ ነጩ ጎፈር ከብርሃን ብዛት ዝርዝሩ ሲጠፋ፣ ጥቁሩ ሰውነት አንድ ወጥ ይሆናል። ያንን ፎቶ የገለበጠ ሰው ወረቀቱ ላይ ቀዳዳ ይሠራል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ሂዱና ዛፍ ላይ ያለውን ጉሬዛ እዩት። ጥቁሩ ፀጉር ትከሻው ላይ የሰማዩን ሰማያዊነት ይቀበላል፣ ከሆዱ በኩል የቅጠሉን አረንጓዴ። ያንን አንዴ ካያችሁ በኋላ የትኛውንም የተበላሸ ፎቶ ማረም ትችላላችሁ።

የፍላሽ ዓይን

ሐረር ላይ ጅብ ሲቀለብ የተነሱ ፎቶዎች ውስጥ ዓይኑ ያበራል፣ ከፊት የመጣው ብርሃን ደግሞ የሰውነቱን ጥላ አጥፍቶታል። የሚያበራውን ዓይን አትሳሉ። ሥዕላችሁ ውስጥ ፍላሽ የያዘ ሰው የለም።

የማን አንበሳ? የማን ኒያላ?

ይሄ እንኳን ቁጣዬን ያነሳሳል፤ ምክንያቱም የአገራችንን እንስሳ የሚመለከት ነው።

ኢንተርኔት ላይ አንበሳ ብላችሁ ስትፈልጉ በብዛት የሚመጣው የታንዛኒያ፣ የኬንያና የደቡብ አፍሪካ አንበሳ ነው። ጎፈሩ ብዙ ጊዜ ነጣ፣ ቢጫ ያለ ነው። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ውስጥ የኖሩት ግን ጎፈራቸው ጠቆር ያለ ነው፤ ከደረት አልፎ እስከ ሆድ ይወርዳል። ግቢው የተቋቋመው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረመል ጥናትም እነዚህ አንበሶች ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ታዲያ የታንዛኒያውን የሴሬንጌቲ አንበሳ ስሎ ከሥሩ «የኢትዮጵያ አንበሳ» ብሎ መጻፍ ምን ማለት ነው?

ኒያላ ላይ ደግሞ ይብሳል። በደቡባዊው የአፍሪካ ክፍል የሚኖር ሌላ ኒያላ አለ። ወንዱ ከጉሮሮው እስከ ሆዱ ረጅም ፀጉር ይንጠለጠልበታል፣ የታችኛው እግሩ ብርቱካናማ ነው። ፍለጋው የሚያመጣላችሁ ብዙ ጊዜ እሱን ነው። የእኛው ኒያላ፣ የደጋ አጋዘን የምንለው፣ ሌላ እንስሳ ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በስተቀር የትም አይገኝም፣ በሳይንስ መዝገብ ስሙ የሰፈረውም እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ሰውነቱ ገዘፍ ያለ ነው፣ ብርቱካናማ እግርም የተንጠለጠለ የሆድ ፀጉርም የለውም። አንድ ድርጅት ያሠራው ፖስተር ላይ የባሌ ተራራ ተስሎ ከፊቱ የደቡብ አፍሪካው ኒያላ ቆሞ አይቻለሁ። ሥዕሉ ቆንጆ ነበር። ሠዓሊው ዲንሾ አንድ ቀን አድሮ ቢሆን ይህ አይሆንም ነበር። እዚያ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ያሉት ሰው ለምደዋል፤ በእርጋታ ተቀምጣችሁ መሳል ትችላላችሁ። ባሌ መሄድ ያልቻለ ሰው ቢያንስ የአሥር ሳንቲሙን ጀርባ ይይ። እዚያ ላይ ያለው ትክክለኛው ነው።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ ምስሎችን ደግሞ ጨርሶ እንደ ማስረጃ አትያዙ።

የቆመ ክንፍ

እዚህ ላይ ለፎቶ ልሟገትለት። ለብዙ ዘመን ሠዓሊዎች የሚጋልብ ፈረስ ሲስሉ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት፣ የኋላዎቹን ወደ ኋላ ዘርግተው አየር ላይ ያንሳፍፉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1878 ፎቶ አንሺው ኤድዋርድ ማይብሪጅ ካሊፎርኒያ ውስጥ በተከታታይ ካሜራዎች ያነሳቸው ፎቶዎች ነገሩን ለዩ። የፈረሱ አራቱም እግሮች በእርግጥ ከመሬት ይነሳሉ፤ የሚነሱት ግን ከሆዱ ሥር ሲሰበሰቡ ነው። ዓይናችን ለዚያ ፍጥነት አይደርስም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ፎቶ ይመልሳል።

ግን ሁሉም የቆመ ቅጽበት እንቅስቃሴ አይመስልም። የሚበር ወፍ በሰከንድ ሁለት ሺኛ ክፍል ውስጥ ሲነሳ አንዳንዴ ክንፉ የተሰበረ ይመስላል። እውነተኛ ቅጽበት ነው፤ የሚያይ ሰው ግን አያምነውም። ሐይቅ ዳር ቁጭ ብላችሁ ይብራ ስታርፍ ደጋግማችሁ እዩ። ውሃው ላይ ከመድረሷ በፊት ክንፏን ከፍታ፣ እግሯን ወደ ፊት ሰድዳ የምትዘገይበት ጊዜ አለ። ዓይናችሁ የሚይዘው ያንን ነው። ከተከታታይ ፎቶዎቹም ያንን ምረጡ።

ጉልበት

የወፍና የሰኮናማ እንስሳ የኋላ ጉልበት ወደ ኋላ አይታጠፍም፤ ወደ ኋላ ሲታጠፍ የምታዩት ቁርጭምጭሚቱ ነው። እውነተኛው ጉልበት ወደ ላይ፣ ሆዱ አጠገብ ነው። ፍየል ሲበለት ያየ ሰው ሊስተው አይገባም።

ከሕይወት ስትስሉ ደግሞ

መጀመሪያ ወደ ሜዳ የሚወጡ ልጆችን በጣም እወዳቸዋለሁ። በጉጉት ይመጣሉ፣ ትልቅ ወረቀት ይዘረጋሉ፣ አንድ ሙሉ ሥዕል ሊጨርሱ ያስባሉ። እንስሳው ሲንቀሳቀስ ላጲስ ያነሳሉ። ያጠፋሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ፣ እንስሳው እንደገና ይዞራል። ከዚያ ተስፋ ቆርጠው ስልካቸውን ያወጣሉ።

ላጲሱን ቤት ተዉት። በአንድ ገጽ ላይ አምስት ስድስት ንድፍ ጀምሩ። እንስሳው አንገቱን ሲያዞር ያንን ትታችሁ ሌላ ጀምሩ። ጥቂት ጠብቁ፤ ወደ መጀመሪያው አቋም ይመለሳል። እንስሳ የሚደጋግማቸው አቋሞች ጥቂት ናቸው። ሲመለስ እናንተም ወደ ጀመራችሁት ንድፍ ተመለሱ። የሰዓት ገደብ የለም፣ የሚያልቅ ሥዕልም የለም። ግማሽ ጀርባና አንድ ጆሮ ይዛችሁ ብትመለሱ ጥሩ ቀን ነው።

ሌላው ስህተት በብርቅዬው መጀመር ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ጎልማሳ ቁጥር ከአምስት መቶ በታች ነው። እሱ ላይ እርሳስ መያዝ አትለማመዱ። ከፍየል ጀምሩ። ከበግ፣ ከዶሮ፣ ከሰፈር ውሻ። ከዚያ ሐዋሳ ዓሣ ገበያ ወርዳችሁ አባ ኮዳን ሳሉ። የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቅ ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ ይቆማል፤ ቅርብ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ራሰ በራ ስለሆነ የራስ ቅሉ ቅርጽ በላባ አልተሸፈነም። ለጀማሪ ከእሱ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

አትጠጉ። እንስሳው ሥራውን ትቶ እናንተን ማየት ከጀመረ የምትስሉት የፈራ እንስሳ ነው። በተለይ ግልገል ያለበት ጉድጓድ አጠገብ አትቀመጡ። ባይኖኩላር ካላችሁ በቂ ነው፤ ከሌላችሁ ትንሽ ሳሉት።

የተሞላ እንስሳ

አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ለተማሪ ትልቅ ሀብት ነው። ቀንድ፣ መንቁር፣ ሰኮና፣ የላባ አደራደር፣ ሁሉንም ተረጋግታችሁ ታጠናላችሁ። አቋሙን ግን ከዚያ አትውሰዱ። ቆዳውን የሞላው ሰው እንስሳው በሕይወት ሳለ እንዴት ይቆም እንደነበር ላያውቅ ይችላል። ቆዳ ሲደርቅም ከንፈርና የዓይን ዙሪያ ይሸበሸባል።

ቀለሙን በቃል አለመጻፍ

አሜሪካዊው የወፍ ሠዓሊ ሉዊስ አጋሲ ፉየርቴስ እ.ኤ.አ. በ1926 ከቺካጎው ፊልድ ሙዚየም የጥናት ቡድን ጋር ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። እስከ 1927 ቆይቶ የአገራችንን ወፎችና አጥቢ እንስሳት ሣለ። የዘመኑ ልማድ ወፉን ለናሙና መግደል ነበር። ፉየርቴስ ወዲያው ወደ ቀለሙ ይሮጥ ነበር፤ የዓይን፣ የመንቁርና የእግር ቀለም ከሞት በኋላ በፍጥነት ስለሚጠፋ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር አገሩ ተመልሶ ሳለ መኪናው ከባቡር ጋር ተጋጭቶ ሞተ። አብረውት የነበሩት የኢትዮጵያ ሥዕሎች ግን ተረፉ። ዛሬ ስናያቸው ዓይኖቹ ሕያው የሆኑት እሱ በጊዜው ስላያቸው ነው።

እኛ ማንንም መግደል አያስፈልገንም። ንድፉ አጠገብ ግን ጻፉ። «የእግሩ ውስጥ ነጭ፣ ከፊት ጥቁር መስመር።» «ጥላው ሐምራዊ ያለ።» ስልክ ቀለምን በራሱ መንገድ ያስተካክላል፤ የጠዋቱን ብርሃን እንደ ቀትር ሊያደርገው ይችላል። ቤት ስትገቡ ጽሑፋችሁና ፎቶው ካልተስማሙ ጽሑፋችሁን እመኑ።

የሰው ፎቶ

ከሌላ ሰው ፎቶ የሳላችሁትን ከመሸጣችሁ በፊት ፎቶውን ያነሳውን ሰው አስፈቅዱ። ቲሸርት ላይ ቢሆንም።

ፎቶውን መጀመሪያ ማንሳት

ቦታው እንደደረሳችሁ ስልኩን አታውጡ። አንዴ ካነሳችሁ «ይዤዋለሁ» ትላላችሁ፣ ማየት ታቆማላችሁ። መጀመሪያ ሳሉ። ስትስሉ የሚያስቸግራችሁ ነገር ይመጣል፤ የጆሮው ሥር፣ የሰኮናው አቀማመጥ፣ ጅራቱ የሚጀምርበት። ያን ጊዜ ፎቶ አንሱ፤ ያንኑ ያስቸገራችሁን ክፍል። ቤት ስትገቡ ንድፉን ፊት ለፊታችሁ አድርጉት፣ ፎቶውን ከጎን። ስትጠራጠሩ ብቻ ወደ ጎን እዩ። የአቋሙን ጉዳይ ንድፉ ይወስን፣ የዝርዝሩን ጉዳይ ፎቶው።

ስሜን የምትሄዱ ከሆነ ለጭላዳ በጠዋት ውጡ። ሌሊቱን ገደል ላይ አድረው ሲወጡ ወዲያው ወደ ግጦሽ አይሠማሩም፤ ፀሐይ እየሞቁ፣ እርስ በርስ እየተቀማመሉ ይቆያሉ፤ ለሠዓሊ ከዚያ የሚሻል ሰዓት የለም። ለዋልያ ጨነቅ አካባቢ ጠይቁ፤ አብሯችሁ ያለው ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ቦታቸውን ያውቃል። ባሌ ሳነቴ ላይ ደግሞ ከፍታው አራት ሺህ ሜትር ገደማ ስለሆነ ይበርዳል፤ በብርዱ የውሃ ቀለም ቶሎ አይደርቅም፣ ጣትም ይደነዝዛል። እርሳስና ጣቱ የተቆረጠ ጓንት ያዙ። ቀይ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ ሲያደባ ለጥቂት ጊዜ ፍጹም ስለማይነቃነቅ፣ ደብተሩ ቀድሞ የተከፈተ ይሁን።